ጭራዋ የጠፋ ኖታ

ጋሽ ገብረንጉስን መጀመሪያ ያየኋቸው ከጀርባቸው ነው። ጓደኛዬ ሰመረት ያን ቀን ትኩሳት ይዟት ስለነበር፣ በእሷ ፋንታ ሮማ ውስጥ ሳን ጆቫኒ አጠገብ ያለውን የባሌት ትምህርት ቤት ላጸዳ ሄጄ ነበር። ኮሪደሩን እየወለወልኩ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ብመለከት፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ቀጭን ሰውዬ ፒያኖ ይጫወታሉ። ጣቶቻቸውን አያዩም፤ ፊታቸውም የኖታ ወረቀት የለም። አንገታቸውን ወደ ቀኝ መልሰው የሚያዩት የልጆቹን እግር ነው። ከልጆቹ አንዷ ከጓደኞቿ ዘግይታ ዘለለች። ሙዚቃው ጠበቃት። እግሯ ወለሉን ሲነካ ጠብቆ ቀጠለ።

ትምህርቱ አልቆ ሲወጡ የያዝኩትን መወልወያ አዩና፣ "እዚያ ጥግ ጋ ቀስ በይ፣ ያዳልጣል" አሉኝ በአማርኛ። የመጀመሪያ ንግግራችን ይኸው ነው።

ሰመረትን የማውቃት ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ነው። በሁለት ሺህ ስምንት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የስደተኞች መቀበያ ማዕከሉ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ነበር፤ እሷ፣ እኔ እና የስድስት ዓመት ልጇ ሊዋም። ሰመረት ኤርትራዊ ብትሆንም ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ከነወላጆቿ ወደ አስመራ ተላከች፤ ከአስመራ ካርቱም፣ ከካርቱም ሊቢያ። የሊዋም አባት ሊቢያ ቀርቷል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ተናግራ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እንደወጣላት ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ የዚያ ትምህርት ቤት ጽዳት ነው። ልጇን የምትተውበት ቦታ ስላልነበራት ይዛት ትሄዳለች። ሊዋም ካፖርት የሚሰቀልበት ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እናቷን ትጠብቃለች። መጠበቁ ሲሰለቻት ደግሞ ካልሲዋን ብቻ አድርጋ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ በበሩ ክፍተት የምታየውን ኮሪደሩ ላይ ታደርጋለች።

ያዩዋት ጋሽ ገብረንጉስ ናቸው።

እሳቸው የአስመራ አባ ሻውል ልጅ ናቸው። በጃንሆይ ዘመን ስለተማሩ አማርኛቸው የጠራ ነው፤ ሰመረት "ዜና አንባቢ ይመስላሉ" እያለች ትቀልድባቸው ነበር። በልጅነታቸው አንድ የካፑቺን ቄስ ሃርሞኒየም አስተማሯቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ለክህነት ትምህርት ሮማ መጡ። ሦስት ዓመት ተምረው ተዉት።

"ለምን ተዉት?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"ስጸልይ ጣቶቼ ይቆጥራሉ" አሉኝ። "የጸሎቱ ቃል ያመልጠኝና ምቱ ብቻ ይቀርልኛል። እንዲህ ሆኖ ደግሞ ቅስና አይሆንም።"

አገር ቤት እንዳይመለሱ ደርግ ገብቷል፤ አስመራ ዙሪያዋን ጦርነት ነው። ኦስቲያ ወርደው ባሕር ዳር ጠዋት ጃንጥላ የሚተክሉ፣ ማታ የሚሰበስቡ ሆኑ። ከባሕሩ ፊት ለፊት ካለው ባር ውስጥ አንድ አሮጌ ፒያኖ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ይጫወቱበታል። አንድ መስከረም ላይ ባሌት የምታስተምር ሴት ሰማቻቸውና ወደ ሮማ ይዛቸው ሄደች። ሥራ በጀመሩበት ቀን፣ "ፒያኖ የሚጫወት ሰው አይናገርም፤ ያያል" አለቻቸው። ሴትዮዋ ሞታ ትምህርት ቤቱን ልጇ ስትይዘውም ይህ ቃል እንደ ሕግ ጸንቶባቸው ቀረ። አላገቡም። ቶር ፒኛታራ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ የክፍሏን እኩሌታ ለፒያኖ ሰጥተው ኖሩ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ ተናግረዋል። ለዳይሬክተሯ፣ "ኮሪደር ላይ የምትቆመውን ልጅ አስገቢያት" አሏት። ሊዋም በሳምንቱ ገባች።

አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠሩ። ሊዋም "ጋሼ" ትላቸዋለች። አማርኛዋ እየሳሳ ጣልያንኛዋ እየደነደነ ሲሄድ እንኳ "እርስዎ" ማለቷን አልተወችም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለፈተና ስትቀርብ መሐል ላይ እርምጃው ጠፋባት። ፈታኞቹ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብረንጉስ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርገው፣ መግቢያውን እንደገና ተጫወቱላት፤ ሙዚቃው እንደዚያ ተደርጎ የተጻፈ ይመስል ነበር። እሷም እስትንፋሷን ሰብስባ ጀመረች። ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም። ያን ማታ ሊዋም ቤት መጥታ ለእናቷና ለእኔ ስትነግረን በሳቅ ፈርሳ ነበር።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ዲፕሎማዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ሕይወቷ የኮንትራት ሆነ፤ ሦስት ወር ቶስካና፣ አንድ ክረምት ፑሊያ፣ ከዚያ መጠበቅ። ሃያ ዓመት ሲሞላት ነው ስለ "ፊላትሪቼ" የሰማነው።

ኦርኔላ የምትባል ሴት ናት ያመጣችው። ድሮ እዚያው ትምህርት ቤት የተማረች፣ ኋላ የዳንስ ታሪክ አጥኚ የሆነች፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ናት። ፍራስካቲ ውስጥ ባለቤቶቹ ያለቁበት አንድ ቤት ዕቃው ሲወጣ፣ ሣጥን ውስጥ የቫዮሊን ኖታ አገኘች። ላዩ ላይ "ላ ፊላትሪቼ ዲ ኔሚ" ይላል፤ የኔሚዋ ፈታይ ማለት ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ባሌት ነው። በአንድ ካርኔቫሌ፣ ከሁዳዴ በፊት ባለው የፈንጠዝያ ወራት፣ እዚህ ሮማ ተጨፍሮ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ የማይታወቅ። ታሪኩ አጭር ነው። ኔሚ ሐይቅ ዳር የምትኖር ልጅ ለሠርግ ልብሷ ትፈትላለች። እጮኛዋ ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ ይሞታል። እሷ ግን መፍተሏን አታቆምም። የመጨረሻው ክፍል የእንዝርት ዳንስ ይባላል፤ ልጅቷ ብቻዋን በአንድ እግሯ ጣቶች ጫፍ ላይ ቆማ፣ እየነጠረች፣ እንደ እንዝርት የምትዞርበት ነው።

በዚያ ዘመን ባሌት የሚለማመዱት በፒያኖ ሳይሆን በቫዮሊን ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ከቫዮሊኑ ኖታ መሐል መሐል፣ ዳንሰኞቹ ምን እንደሚያደርጉ በደቃቅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ኦርኔላ እርምጃዎቹን ፈትታ ታወጣለች። ሙዚቃውን ወደ ፒያኖ እንዲያመጡላት የለመነችው ጋሽ ገብረንጉስን ነው። አነስተኛ ቲያትር ቤት ተገኘ፤ ቀኑም ለግንቦት ተቆረጠ። ፈታይዋን ለመሆን አሥራ ዘጠኝ ልጆች ተፈተኑ። የተመረጠችው ሊዋም ናት።

"ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ የባሌት ኩባንያ ኃላፊ አለ" አለችኝ ሰመረት። "ካየና ከወደደ ቋሚ ሥራ ነው አሉ።" ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ከሰማይ የሚሰማት እንዳይኖር የፈራች ትመስላለች።

ጋሽ ገብረንጉስ መጸውን ሙሉ ቶር ፒኛታራ ክፍላቸው ውስጥ በማጉያ መነጽር ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ከረሙ። የሰጧቸው ፎቶ ኮፒውን ነው። በእንዝርቱ ዳንስ አናት ላይ አንዲት ኖታ ተስላ አጠገቧ 144 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ይህ ሙዚቃው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚናገር ምልክት ነው። ኖታዋ ከዘንጓ ጫፍ የምትወርድ ትንሽ ጭራ ከሌላት ዳንሱ ፈጣን ነው። ጭራ ካላት ግን ፍጥነቱ በእኩሌታ ይቀንሳል፤ ያው ሙዚቃ ሌላ ሙዚቃ ይሆናል።

በፎቶ ኮፒው ላይ ከኖታዋ በስተቀኝ እንደ ጥላ የደበዘዘ ነገር አለ። ጭራ ይሁን የእርጥበት ምልክት አልለየላቸውም። በሁለቱም ፍጥነት ሞከሩት። ኋላ ሲነግሩኝ፣ "እንዝርት እኮ ነው የሚፈጥነው፤ የሴትየዋ እጅ አይፈጥንም" አሉኝ። "ጣልያኑም ይህን ያውቃል፤ የጻፈው ሰው ፈታይ አይቶ ነው የጻፈው። ቀስ ብዬ ስጫወተው ልጅቷ ታየችኝ።"

ለኦርኔላ ነገሯት። አንድ ጊዜ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነበር የነገሯት።

"እኔም አይቼዋለሁ ማዬስትሮ" አለቻቸው። "እድፍ ነው። በዚያ ላይ የመጨረሻ ዳንስ እንደዚያ ከተንቀረፈፈ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል።"

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን" አሉና ወደ በሩ ሄዱ።

እዚያው በሩ ላይ እንዳሉ ነው ኦርኔላ፣ "ስምዎ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ሙዚቃውን ያዘጋጀው ተብሎ፣ ከእኔ ቀጥሎ" ያለቻቸው። በአርባ ዓመት ውስጥ፣ ተማሪዎቻቸው ባቀረቡት ዝግጅት ሁሉ፣ ስማቸው ታትሞ አያውቅም። ልምምድ ሲያልቅ ኦርኬስትራ ይመጣል፤ ፒያኖው ወደ ጥግ ይገፋል፤ እሳቸውም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እንዲያ ነበር ሥራው።

ልምምዱ በየካቲት ተጀመረ። ኦርኔላ ቸኩላ አልነበረም፤ ክፉም ሴት አይደለችም። ያመነችበትን ነገር የምትወድ ሰው ናት። ምቱን የሚቆጥረውን መሣሪያ በስልኳ ከፍታ ትይዛለች፤ ጋሽ ገብረንጉስም በዚያ ልክ ይጫወታሉ። ሊዋም በቀኝ እግሯ ጣቶች ጫፍ ላይ ቆማ ሠላሳ ሁለት ጊዜ መንጠር አለባት፣ እየዞረች። በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ ሁለቱን ሞላች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ አጨበጨበላት።

ጋሽ ገብረንጉስ ግን እግር ያዳምጣሉ። እግር ወለል ሲነካ ድምፅ አለው፤ የሊዋምን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያውቁታል። በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ እግሯ ድምፅ ከበደ። ኦርኔላ ጀርባዋን ስታዞር ሙዚቃውን ትንሽ ያዘገዩላታል። ኦርኔላ ዞር ትልና፣ "ማዬስትሮ፣ እየዘገየን ነው" ትላለች። ይመልሱታል።

አንድ ከሰዓት፣ በእረፍት፣ ሊዋም ካፖርት ከሚሰቀልበት ሥር ተቀምጣ ተረከዟ ላይ በረዶ ይዛለች። እሳቸው በዚያ ሲያልፉ ጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ የድሮውን ኖታ እርስዎ ነዎት የገለበጡት። እውነት እንዲህ ነው የተጻፈው?"

"እንዲህ ነው የተጻፈው" አሏት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አዎ።"

"አሎራ፣ እንግዲያው እለምደዋለሁ" አለችና በረዶውን ወደ ሌላው ጎን አዞረችው።

ለምን እንደዚያ እንዳሉ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ "እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው፤ ባልተረጋገጠ ነገር ሰው አይታወክም" አሉኝ። ሌላ ቀን፣ "ዳንሰኛ ከተጠራጠረ ይወድቃል፤ እንዳትጠራጠር ብዬ ነው" አሉኝ። በሦስተኛው ጊዜ ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። "ስሜን ፈልጌ ነው" አሉኝ።

አደጋው የደረሰው በመጋቢት፣ በሐሙስ ቀን ነው። ሊዋም ከሠላሳ ሁለቱ ሃያ ሦስተኛው ላይ ነበረች። አንድ ሰው በጥፊ የተመታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። እሷ ራሷ ከኋላዋ የመታት ሰው ያለ መስሏት ዞር ብላ አየች ይላሉ፤ ከዚያ ወደቀች። ጋሽ ገብረንጉስ ለሁለት ምት ያህል መጫወታቸውን አላቆሙም ነበር። እጃቸው ከዓይናቸው ኋላ የቀረበት ቀን ያ ብቻ ነው።

የተረከዟ ጅማት ነው የተበጠሰው። ሰመረት ስትደውልልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የትምህርት ቤቱን የሥራ ሽርጥ እንደለበሰች አገኘኋት። ትምህርት ቤቱ ሌላ ፎቅ ላይ እያጸዳች ሳለ የልጇን ጩኸት ሰምታ ነው ከሥራ የወጣችው። ኦርኔላ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ጋሽ ገብረንጉስ ደግሞ ራቅ ብለው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ወጥቶ፣ በበጋ በደንብ እንደምትራመድ ነገረን። ሰመረት ስለ ዳንሱ ስትጠይቀው፣ "እናያለን" አለ።

በነጋታው ጋሽ ገብረንጉስ ኦርኔላ ቤት ሄዱ። "ኦሪጂናሉ የድሮ መጻሕፍት ለሚጠግን ሰው ይታይልኝ" አሏት። በዚያን ሰዓት ስለ ወረቀት ማውራታቸው ገርሟት መጀመሪያ ተቆጣች። ተቀምጠው ጠበቋት። ማታውን ተነስታ ሣጥኑን አወጣች። ከሳምንት በኋላ፣ የጠፋ ቀለም በሚያሳይ መብራት ሥር ሲታይ ጭራዋ ቁልጭ ብላ ወጣች። ቀለሙ በእርጥበት ታጥቦ ነበር እንጂ የጻፋት እጅ ጠንቅቆ ጽፏታል። ዳንሱ የዝግታ ዳንስ ነው። ፈታይዋ አትነጥርም፤ በቀስታ ትነሳለች፣ በቀስታ ትዞራለች፣ በቀስታ ትወርዳለች። "መንጠር" ተብሎ የተነበበውም ቃል በዚያ ፍጥነት ሲታይ "መነሳት" ነበር።

ኦርኔላ አልደበቀችውም። ለሊዋም ስህተቱ የእኔ ነው ብላ በእጇ ጽፋ ላከችላት። ጋሽ ገብረንጉስን ግን በደብዳቤው ውስጥ አላነሳቻቸውም። የነገሯትን ረስታው ይሁን ልትሸፍንላቸው ፈልጋ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ሰመረት ቤት፣ ቸንቶቸሌ፣ ነበርኩ። ደወል ተደወለ። ጋሽ ገብረንጉስ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው መጡ። ሊዋም እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ሶፋው ላይ ናት። ይቀመጡ ቢባሉም ቆመው ቀሩ።

"ሊዋም" አሉ፤ "ያን ቀን ስትጠይቂኝ የነገርኩሽ እውነት አልነበረም። ጭራዋን አይቻት ነበር። ለኦርኔላም አንድ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ለአንቺ ግን ዋሸሁሽ።"

ሰመረት ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"ሕፃን እያለች ተናግረውላት ነበር" አለች። "ኮሪደር ላይ ያለችውን አስገቧት ብለው። ያኔ የከለከለዎት የለም። አሁንስ ማን ከለከለዎት?"

"ማንም" አሉ።

"እኔ እኮ ደረጃ ስወለውል ፒያኖውን እሰማ ነበር። እርስዎ ካሉ ምንም አትሆንም እያልኩ ነው የምወለውለው። አሥራ አራት ዓመት።" ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሊዋም ጣልያንኛ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች፣ እንዲህ አለች፦

"ጋሼ፣ እኔ ገምቼ ነበር። ኦርኔላ ስትዞር ቀስ ይሉ ነበር። ለዚህ ነው የጠየቅኩዎት፤ እንዲነግሩኝ ነው።"

እሳቸው አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ቢነግሩኝም እጨፍረው ነበር" አለች። "ሥራውን ፈልጌዋለሁ፤ እምቢ አልልም ነበር። ግን እያወቅኩት እጨፍር ነበር። እግሬ እኮ ነው። ለራሴ እወስን ነበር።"

"ልክ ነሽ።"

"አሁን ይሂዱ፤ ፔር ፋቮሬ፣ እባክዎ። አልተቆጣሁም፤ ግን አሁን ይሂዱ።"

ሄዱ። በሩ ላይ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። አሳንሰር አልጠሩም፤ አምስት ፎቅ በእግራቸው ወረዱ። ብርቱካኑን ሰመረት ለጎረቤት ሰጠችው።

ባሌቱ ወደ ኅዳር ተዛውሮ ቀረበ። ፈታይዋን የሆነችው ከቶሪኖ የመጣች ልጅ ናት። ሊዋም በመስከረም አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሳ ሞክራ ነበር። ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ ያለውን የመለማመጃ ብረት ይዛ ቆመች። ተረከዙ ከወለሉ አልነሳ አላት፤ ትንሽ ተነስቶ ይንቀጠቀጥና ይወርዳል። ጋሽ ገብረንጉስ በዚያ ሰዓት ፒያኖው ላይ ነበሩ። መጫወታቸውን አቆሙ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። "ለምን ያቆማሉ?" አለቻቸው ሊዋም፤ የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ሆነ። ጫማዋን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ደጅ አልሄደችም። ጋሽ ገብረንጉስም በወሩ መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ። አሁን እዚያ በድምፅ ማጉያ በሚለቀቅ ሙዚቃ ነው የሚያስተምሩት።

ስማቸውንም ከፕሮግራሙ ወረቀት ላይ እንድታወጣላቸው ኦርኔላን ለምነዋት ነበር። እምቢ አለች፤ ደግመው ለመኗት፤ አወጣችው።

ለቲያትሩ ሊዋም የደረሳትን ትኬት ለእናቷ ሰጠቻት። ሰመረት ብቻዬን አልሄድም ስላለች አብሬያት ሄድኩ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛለች። ጋሽ ገብረንጉስ ከእኛ አራት ረድፍ ወደ ኋላ ጥጉ ላይ ነበሩ። አየቻቸው፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸው፤ ወደ መድረኩ ዞረች።

ስለ ባሌት የማውቀው ብዙ የለም። የእንዝርቱ ዳንስ ሲጀምር ግን አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሳላቸውን ዋጡት። ልጅቷ ብቻዋን ናት። በጣቶቿ ጫፍ ላይ ትነሳለች፤ እጇ ወደ ላይ ክር የሚጎትት ይመስል ይወጣል፤ ከዚያ ቀስ ብላ ትዞራለች። ሲያልቅ ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ሁሉም ተነሳ። ከውጭ የመጣው ሰውዬም ተነስቶ ነበር ይባላል፤ የቶሪኖዋን ልጅ ወስዷታል።

ስንወጣ ጋሽ ገብረንጉስን ፈለግኳቸው፤ ሄደዋል። አውቶቡሱ ፖርታ ማጆሬ ሲደርስ ሰመረት፣ "ይሄንን እኮ ሊዋም በአሥራ አምስት ዓመቷ ትችለው ነበር" አለች። እጇን ያዝኩት።

ሊዋም አሁን ቸንቶቸሌ ውስጥ መነጽር በሚሸጥ ሱቅ ትሠራለች። ትራመዳለች፤ የማያውቅ ሰው ምንም አያይባትም። ደረጃ ስትወርድ ብቻ ቀኝ እግሯን ቀድማ ታሳርፋለች። ለጓደኞቿ ድሮ ትጨፍር እንደነበር አትናገርም።

ባለፈው የካቲት ጋሽ ገብረንጉስ ደውለው ቤታቸው ጠሩኝ። ስልካቸውን አሳዩኝ። ከሊዋም መልእክት መጥቷል፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ በስልክ የጻፈችላቸው የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ የለውም። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፦ "ቀስ ያለውን ይላኩልኝ።"

እንዴት እንደሚቀዳ እንዳሳያቸው ነበር የጠሩኝ። ስልኩን ፒያኖው ላይ አቁሜ የሚጫኑትን ነገርኳቸው። አራት ጊዜ ጀምረው አራት ጊዜ አቆሙ። በአምስተኛው እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው ነበር፤ የሚያዩት ግን ግድግዳ ነው። ላክንላት። ማየቷን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልስ አልመጣም። እስኪመሽ ስልኩን ፊት ለፊታቸው አድርገው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላም ምንም አልጻፈችም።

በሳምንቱ ሰመረትን ጠየቅኳት።

"አዎ፣ ትሰማዋለች" አለችኝ። "ከሥራ ስትመጣ ጆሮዋ ላይ ሰክታ።"

"ትነሳለች? ትሞክራለች?"

"ኧረ" አለች ሰመረት፣ የልጇን ሸሚዝ እያጠፈች። "ቁጭ ብላ ነው።"